ስንቅ የማያስከፍል ጨዋታ አልወድም

ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ የማከብራቸው አንድ ታላቅ ወዳጄ የሰነዘሩብኝ ወቀሳ ነው። እኚህ ሰው በወጣትነታቸው በጦር ሠራዊት ውስጥ ያገለገሉ፣ ዛሬም ንግግራቸው ቁጥብና ቀጥተኛ የሆነ አባት ናቸው። በቅርቡ ለቡና ቤቴ መጥተው ሳለ ኮምፒዩተሬ ተከፍቶ፣ በስክሪኑ ላይ ካርታና የጦር ሰልፍ ተደርድሮ አዩና፣ "አንተ ልጅ፣ እኔ ይኼ ነገር የልጅህ መስሎኝ ነበር! ሽበት አብቅለህም ትጫወታለህ?" አሉኝ። ሳቅ ብዬ ቡናቸውን ቀዳሁላቸው። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ግን ጥያቄው አብሮኝ አደረ። እውነቱን ለመናገር፣ ስትራቴጂ የሚባሉትን የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ስጫወት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል። በዚህ ሁሉ ዘመን "ለምን ትጫወታለህ?" ያለኝ ሰው ብዙ ነው። "የትኛውን ትመርጣለህ? ለምንስ መረጥኸው?" ያለኝ ግን አንድም የለም። ለእኔ ደግሞ ቁም ነገሩ ያለው በሁለተኛው ጥያቄ ውስጥ ነው።

እንደ እውነቱ ከሆነ የስትራቴጂ ጨዋታ ክርክር ነው። ክርክሩን በቃላት አያቀርበውም፤ በሕጉ ነው የሚያቀርበው። መንግሥት በምን ይጸናል? ጦር በምን ያሸንፋል? ሕዝብ ለምን ያምፃል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ ጨዋታው መልስ አዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀን። እኛም ሳናውቀው መልሱን ተቀብለን እንጫወታለን። ስለዚህ መጽሐፍ የሚመርጥ ሰው ጨዋታም ሊመርጥ ይገባዋል ባይ ነኝ። በዚህች አጭር ጽሑፍ የራሴን ምርጫ ከነምክንያቱ ለማቅረብ እሞክራለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ተራ የሚጠብቁና ተራ የማይጠብቁ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመሠረቱ እንጀምር። ጦርነትን በገበታ ላይ መጫወት አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1824 ጆርጅ ፎን ራይስቪትስ የተባለ የፕረሺያ መኮንን መኮንኖች በካርታ ላይ ውጊያ የሚለማመዱበትን ጨዋታ ለጦሩ ኤታማዦር ሹም አቀረበ። የዛሬዎቹ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች የዚያ ልጅ ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። እነዚህም በሁለት ቤት ይከፈላሉ። በአንደኛው ቤት ያሉት ተራ ይጠብቃሉ፤ እኔ ስንቀሳቀስ ባላጋራዬ ይጠብቃል፣ እሱ ሲንቀሳቀስ እኔ እጠብቃለሁ። የዚህ ቤት ታላቅ ወንድም ሲድ ማየርና ብሩስ ሼሊ በ1991 ያወጡት "ሲቪላይዜሽን" ነው። ይህ ጨዋታ የተሠራው የእኛ ሰው በብዛት በሰፈረባት በሜሪላንድ ነው። በሁለተኛው ቤት ያሉት ደግሞ ሰዓት አይጠብቁም። አንተ ስታስብ ጠላትህ ይገነባል፣ ይዘምታል፣ ቤትህን ያቃጥላል። ለዚህኛው ቤት መልክ የሰጠው በ1992 የወጣው "ዱን 2" ሲሆን፣ እነ "ኤጅ ኦፍ ኤምፓየርስ" (1997) እና "ስታርክራፍት" (1998) ተከትለውታል።

ሁለቱ ቤቶች የተለያዩት ኮምፒዩተር በመጣ ጊዜ ይመስለናል። አይደለም። የአያቶቻችን ሰንጠረዥ ሁለቱንም አንድ ላይ ይዟቸው ነበር። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ባሳተሙት ጥናት እንደምናገኘው፣ ጨዋታው ሲጀመር ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ አይጠባበቁም። እያንዳንዱ በፈለገው ፍጥነት፣ የባላጋራውን እጅ እያየ፣ ጠጠሩን ያሰልፋል። ይህ ክፍል "ወረራ" ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ይሆናል። እንግዲህ አባቶቻችን መሰለፍ ጥድፊያ፣ መዋጋት ግን ማሰብ እንደሚጠይቅ በአንድ ገበታ ላይ አስማምተውት ነበር ማለት ነው። ዛሬ በኮምፒዩተሩ ዓለም ይህን ያህል በጥቂት ሕግ ሁለቱን ያዋሐደ ጨዋታ ብዙ አላየሁም።

በበኩሌ የተራ ጠባቂዎቹ ቤት ሰው ነኝ። ይህ መጀመሪያ ምርጫ ሳይሆን ኑሮ ያመጣው ነገር ነበር። አሜሪካን ሀገር እንደመጣሁ ሌሊት ሌሊት መኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራ ነበር። ጠዋት ገብቼ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ድረስ፣ ከአንድ አሮጌ ዕቃ መሸጫ በገዛሁት ኮምፒዩተር ላይ "ሲቪላይዜሽን" እከፍታለሁ። ዓይኔ ሲከደን ጨዋታው አይጠፋም፤ ከተማዬም አይቃጠልም። ነቅቼ ስመለስ ተራው የእኔ እንደሆነ ይጠብቀኛል። በዚያን ጊዜ በሕይወቴ ውስጥ ታግሶ የሚጠብቀኝ ነገር እሱ ብቻ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

በኋላ ግን ምክንያት ያለው ምርጫ ሆነ። ተራ የማይጠብቁት ጨዋታዎች የሚሸልሙት እጅን ነው። በኮሪያ "ስታርክራፍት"ን በሙያነት የሚጫወቱት ወጣቶች በደቂቃ ሦስት መቶ ጊዜ ያህል ትዕዛዝ ይሰጣሉ። ይህ የሚደነቅ ችሎታ ነው፤ ፒያኖ እንደመጫወት ያለ ጥበብ ነው። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ውሳኔው አስቀድሞ ተጠንቶ ያለቀ ስለሆነ የሚቀረው ቀድሞ መድረስ ነው። እኔ ደግሞ መወሰንን ነው የምወድ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላል የሀገሬ ሰው።

ስንቁን ማን ይከፍላል?

ሁለተኛው መመዘኛዬ በዚህ ጽሑፍ ርዕስ ላይ የሰፈረው ነው። አማርኛችን "ስንቅና ትጥቅ" ሲል ስንቅን ያስቀድማል። አብዛኞቹ ጨዋታዎች ግን ትጥቁን ብቻ ይዘው ስንቁን ይረሱታል። ጦሩ ከባሕር እስከ ባሕር ይዘምታል፣ አይርበውም፣ አይጠማውም፣ አይደክመውም። እንዲህ ባለው ጨዋታ ብዙ ያለው ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ ያሸነፈው ደግሞ የበለጠ ብዙ ይኖረዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ጨዋታ ሳይሆን የጽዳት ሥራ ነው። በ"ሲቪላይዜሽን" የመጨረሻው ሢሶ የሚያሰለቸው ለዚህ ነው።

ጥሩ ጨዋታ ሠሪዎች ይህን በሽታ ያውቁታል፤ መድኃኒቱንም ፈልገዋል። ለምሳሌ ሶረን ጆንሰን የነደፈው "ሲቪላይዜሽን 4" (2005) ላይ እያንዳንዱ አዲስ ከተማ ከግምጃ ቤት የሚወጣ ወጪ አለው። ከተማው ከመናገሻው በራቀ ቁጥርና የከተሞቹ ብዛት በጨመረ ቁጥር ወጪውም ይጨምራል። ያለ ልክ የተስፋፋ ንጉሥ በገንዘብ እጥረት ይንኮታኮታል። በ2011 የወጣውና ስለ ስታሊንግራድ ዘመቻ የሚተርከው "ዩኒቲ ኦፍ ኮማንድ" ደግሞ ትንሽ ጨዋታ ናት፤ ከእርሷ የተማርኩት ግን ብዙ ነው። እዚያ ላይ ዋናው ጥያቄ "ስንት ታንክ አለኝ?" አይደለም። "የስንቅ መስመሬ የት ላይ ሊቆረጥ ይችላል?" ነው። ስንቁ የተቆረጠበት ክፍለ ጦር በጥቂት ተራ ውስጥ ሳይመታ ይዝላል።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። በ2012 ለ"ሲቪላይዜሽን 5" በወጣው ተጨማሪ ክፍል ውስጥ ኢትዮጵያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መሪነት ገብታለች። የተሰጣት ልዩ ችሎታ "የዓድዋ መንፈስ" ይባላል። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ኢትዮጵያ ከእርሷ የበለጠ ብዙ ከተማ ካለው መንግሥት ጋር ስትዋጋ፣ ወታደሮቿ ሃያ በመቶ ተጨማሪ ኃይል ያገኛሉ። መጀመሪያ ሳየው ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ቆይቼ ሳስበው ግን ሕጉ ምን እያለ እንደሆነ ገባኝ። አንደኛ፣ ኢትዮጵያ ይህን ኃይል የምታገኘው ትንሽ ሆና እስከቆየች ድረስ ብቻ ነው። ከተማ በጨመረች ቁጥር መንፈሱ ይርቃታል። ሁለተኛና ዋናው፣ ዓድዋን በጀግንነት ብቻ የተገኘ ድል አድርጎ ያቀርበዋል።

ታሪኩ ግን ከዚህ የረቀቀ ነው። በዓድዋ ላይ በቁጥር የበለጠው የእኛ ጦር ነበር፤ የጣሊያን ሠራዊት 18 ሺህ ገደማ ሲሆን የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወደ 100 ሺህ ይገመታል። አስደናቂው ነገር ይህን ያህል ሰው ከየአቅጣጫው አሰባስቦ፣ ወራት በፈጀ ጉዞ፣ ጠመንጃ አስይዞ እዚያ ማድረስ መቻሉ ነው። ከዚያ በፊት በመቀሌ ምሽግ የነበረው የጣሊያን ጦር የተሸነፈው በጥይት ሳይሆን በጥም ነበር፤ ውሃው እንዲያዝ የመከሩት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። በመጨረሻም ሁለቱ ጦሮች ተፋጥጠው ሲቀመጡ ሁለቱንም የሚፈትናቸው ስንቅ ነበር። የእኛም እህል እያለቀ ነበር። ጄኔራል ባራቲዬሪ ስንቁ እየተመናመነ፣ ከሮም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ እየወተወተው፣ የካቲት 22 ቀን 1888 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሌሊቱን ተንቀሳቀሰ። በማግስቱ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ተራውን መጠበቅ የቻለው ንጉሥ አሸነፈ። ይህን የሚያሳይ ሕግ ቢኖር ኖሮ የዓድዋ መንፈስ ማለት እሱ ነበር። ሃያ በመቶ ጀግንነት ከመጨመር ይልቅ አንድ ሳምንት ስንቅ ቢጨምሩልን ለታሪኩ ይቀርብ ነበር።

መሸነፍ የማይቻልበት ጨዋታ

ሦስተኛው መመዘኛዬ ሽንፈት ነው። አብዛኛው ተጫዋች ነገር ሲበላሽበት ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ቀድሞ ሴቭ ካደረገበት ቦታ ይጀምራል። እኔም ለዓመታት እንዲሁ አደርግ ነበር። በኋላ የስቶክሆልሙ ፓራዶክስ ኩባንያ በሚያወጣቸው ጨዋታዎች ውስጥ "አይረንማን" የሚባል አጨዋወት ለመድኩ። በዚህ አጨዋወት ያለው አንድ መዝገብ ብቻ ነው፤ እሱም በራሱ እየተጻፈ ይሄዳል። የተሳሳትከውን አትመልሰውም። ከዚያ በኋላ ሌላውን መጫወት አልቻልኩም። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። ከሀገሬ የወጣሁበትን ቀን ማንም ሴቭ አላደረገልኝም። እዚያ ትቼው የመጣሁትን ትምህርትና ያልቀበርኳቸውን እናቴን ተመልሼ ላስተካክል አልችልም። እኛ ስደተኞች የምናውቀው አንድ ነገር ቢኖር፣ ሰው ከተሸነፈ በኋላም ተራው እንደሚደርሰውና በቀረው ነገር መጫወት እንዳለበት ነው። ጨዋታም ይህን ካላወቀ ልጅነት ይሆንብኛል።

በዚህ ረገድ የምወደው "ክሩሴደር ኪንግስ"ን ነው፤ በተለይ በ2012 የወጣውን ሁለተኛውን። እዚያ የምትመራው ሀገርን ሳይሆን ቤተሰብን ነው። ንጉሡ ሲሞት ወራሹን ሆነህ ትቀጥላለህ። አባት ዕድሜ ልኩን የሰበሰበው ግዛት ለወንድማማቾች ይከፋፈላል፤ ወንድማማቾቹም ይዋጋሉ። ዘውድህን ብታጣ እንኳ ጨዋታው አያልቅም፤ የሌላ ንጉሥ ሎሌ ሆነህ ትኖራለህ፤ የልጅ ልጅህ ይመለስ ይሆናል። የእኛ ነገሥታት ይህንኑ የወንድማማች ችግር ለመፍታት ልዑላኑን በአምባ ግሸን ያስቀምጧቸው እንደነበር ለሚያውቅ አንባቢ፣ ጨዋታው የባዕድ አይሆንበትም።

"አባዬ፣ ቃሉን ቀየሩት"

አሁን የቀረኝ ከሁሉ የከበደኝ ጉዳይ ነው። በ2012 ልጄ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለ "ቪክቶሪያ 2" የተባለውን ጨዋታ አብረን እንጫወት ነበር። ጨዋታው ከ1836 ይጀምርና አንድ መቶ ዓመት ይዘልቃል። ልጄ ሀገራችንን መረጠ። ትንሽ ቆየና፣ "አባዬ፣ እኛን ያልሠለጠኑ ብሎ ነው የሚጀምረው። ለምንድን ነው?" አለኝ። እውነትም በጨዋታው ሕግ የዓለም ሀገሮች "የሠለጠኑ" እና "ያልሠለጠኑ" ተብለው ተከፍለዋል። ያልሠለጠነው ሀገር የጦርና የኢኮኖሚ ማሻሻያዎችን አንድ በአንድ እያደረገ መቶ በመቶ ሲሞላ "ሠለጠነ" ይባላል።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ኮምፒዩተሩን ዝጋው ልለውም ነበር። ነገር ግን ብዘጋው ልጄ የሚማረው መናደድን ብቻ እንደሆነ ተረዳሁ። ስለዚህ "ና፣ ሕጉን እንመርምረው" አልኩት። ይህ ክፍፍል ከየት መጣ? ጨዋታ ሠሪዎቹ አልፈጠሩትም። የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሕግ አዋቂዎች በእርግጥ ዓለምን እንዲህ ከፍለውት ነበር፤ የማንን ውል ማክበር፣ የማንን መሬት መውሰድ እንደሚቻል የሚለኩት በዚሁ ነበር። የጨዋታው ጥፋት ያንን አስተሳሰብ ማሳየቱ አይደለም። የከሳሹን ቃል ወስዶ የዳኛ ፍርድ ማስመሰሉ ነው። ሕግ ሆኖ ሲጻፍ ማን እንደተናገረው ይጠፋል።

ልጄ ያን ቀን ምን ያህል እንደገባው አላውቅም። አሥር ዓመት አለፈ። በ2022 መጨረሻ ላይ ሌላ ከተማ ሆኖ ስልክ ደወለና ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም፣ "አባዬ፣ ቃሉን ቀየሩት" አለኝ። በዚያው ዓመት ጥቅምት በወጣው "ቪክቶሪያ 3" ላይ "ያልሠለጠነ" የሚለው ቀርቶ "እውቅና ያልተሰጠው" ሆኗል። እውቅና ከሚገኝባቸው መንገዶች አንዱ ደግሞ እውቅና ያላቸውን ኃይሎች ገጥሞ ማስገደድ ነው። ቃሉ የተቀየረው በጥቂቱ ነው፤ ልዩነቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። የመጀመሪያው ቃል ስለ እኛ ይናገራል። ሁለተኛው የሚናገረው ስለ ተመልካቹ ነው። ጣሊያን የኢትዮጵያን ሙሉ ነጻነት ያወቀችው በጥቅምት 1896 በአዲስ አበባው ውል ነው፤ ከዓድዋ በፊት ሳይሆን ከዓድዋ በኋላ። በእነዚያ ወራት ውስጥ እኛ አልሠለጠንንም፤ ዓይናቸው ነው የተገለጠው።

እዚህም ላይ ቢሆን ሕጉን ሳንመረምር ማጨብጨብ የለብንም። በጨዋታው እውቅና አንዴ ከተገኘ እንደ ሜዳሊያ ይቀመጣል። ኢትዮጵያ ግን በ1923 የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ሆና፣ ሙሉ እውቅና ይዛ፣ በጥቅምት 1935 ተወረረች። ይህን ለልጄ ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና፣ "እሺ፣ እሱን የሚያሳይ ጨዋታ ማን ይሥራ?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ኮምፒዩተር የተማሩ ልጆቻችን በዚህ ሀገር በየኩባንያው ሞልተዋል። ታሪክ የሚያውቁ አባቶችም በየቤተ ክርስቲያኑና በየቡና ቤቱ አሉ። ሁለቱ አንድ ገበታ ላይ አልተቀመጡም እንጂ።

ማጠቃለያ

ለማጠቃለል ያህል፣ ልጆቻችሁ ወይም ራሳችሁ እንዲህ ያለ ጨዋታ ስትከፍቱ ሦስት ጥያቄ ጠይቁት እላለሁ። ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል ወይስ እጅን ብቻ ይሸልማል? ድል አድራጊውን ዋጋ ያስከፍለዋል ወይስ ስንቁን በነጻ ያድለዋል? ሕጉ የሚናገረው በማን አፍ ነው? የእኔ ምርጫ ጉዳት የለውም እያልኩ አይደለም። "አንድ ተራ ብቻ" እያልኩ የነጋብኝን ሌሊት ብዛት ባለቤቴ ትመስክር። ጊዜም ስንቅ ነው፤ እኔም ያለ ሂሳብ የበተንኩት ብዙ አለ።

እኚያ ወዳጄ ባለፈው ሳምንት እንደገና መጡ። በዚህ ጊዜ አልገሠጹኝም። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና መነጽራቸውን አድርገው ካርታውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ በጣታቸው አንድ ጥግ ላይ፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን ጦሬን ጠቆም አድርገው፣ "ይኼ ጦር ስንቁ የሚደርሰው በየት በኩል ነው?" አሉኝ። አየሁት። በየትም በኩል አይደርሰውም ነበር። ሁለት ተራ ሳይቆይ ተከበበ። መልሼ አልጀመርኩም፤ በቀረው ጦር ቀጠልን። እሳቸውም እስኪመሽ አልሄዱም።

ቸር እንሰንብት።